ባዶው ክዳን

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ላይ በረዶ ጣለ፤
የእሪ በከንቱ ቆርቆሮ ሁሉ እሪ አለ፣
በከንቱ።
ከድልድዩ ማዶ ፒያሳም ያው እየጮኸች፣ ማን ይስማ።

እኔ የሰው ሰዓት አንጀቱን ዘርግፌ፣
መብራት እስኪመጣ፣ ወረንጦ እንደያዝኩ፣ በሩን ተደግፌ፣
ትርሲት መጣች፤ የወንድሜ ልጅ፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣
በእናቷ ሳፋ በረዶ አፍሳ፣ እያንጠባጠበች እቤቴ።
«መምህር ጥዑም አዘዋል፤ በቤት ከሚገኝ ነገር
የቱ ቶሎ እንደሚያቀልጠው፣ ተሞክሮ ሰኞ ይነገር።»

ሥራዬ ነዋ! ሰከንድ የኔ፣ ልኬት የኔ።
«እኩል እኩሉን» አልኳት፤ በወረንጦ ለቀምኩ እኔ፣
ባቄላ ባቄላ የሚያክሉ አምስት።
አምስት የቫዝሊን ክዳን መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርን፤
አንዱን ባዶውን ተውነው።
«ይኼስ ምን ይሠራል?»
«ምስክር ነው። ያልተነካ ከሌለ
ነክተን ምን እንዳደረግን በምን እናውቃለን?»

ጨው ከአባቷ ቤት አመጣች፤ የኔ ጓዳ ጨው የለውም፣
ሆቴል ለሚበላ ላጤ ጨው ምኑም አይደለም።
ስኳሩን ሙደሲር በዱቤ ሰጠን፣ በማንኪያ ለክቶ፣
«ለሰው ያልበቃ ስኳር ለበረዶ!» ብሎ፣ ሥቆ፣ ተቆጥቶ።
አመድ ከእትዬ ማንአህሎሽ ምድጃ።
ለአራተኛው ኦሞ ነበር ያሰብነው፤
ጋሽ ደምሰው ግን ከደጃፉ ሲሰማን ቆይቶ ኖሮ
አንድ ቆርኪ አረቄ ይዞ ገባ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።
«ይኼን ሞክሩት፤ እኔ አውቀዋለሁ፣
ደሞዜን አቅልጦልኛል፣ ትዳሬን አቅልጦልኛል።
ይቺ ባቄላ ካደረች አትቆረጠምም ይባላል፤
ይቺኛዋ ግን አታድርም!»

ጀመርን። ሦስት ዓመት ባለቤቱ ያልወሰደው የሩሲያ ሰዓት በእጄ፣
ትርሲት እርሳስ በአፏ፣ ጋሽ ደምሰው ትንፋሹን ይዞ ከደጄ።
ጨው ያለበት ተንጫጫ፤ ስንጥቅ ስንጥቅ ሲል ሰማሁት፣
በአራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ውኃ ሆኖ አገኘሁት።
አረቄው ተከተለ፤ ጋሽ ደምሰው አንገቱን ደፋ፣
«ሁለተኛ? በኔ ቤትማ አንደኛ ነበር ሲያጠፋ።»
ስኳሩ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ፣ ተለሳልሶ፣ ተግባብቶ።
አመዱማ እንደ ጋቢ ተደርቦለት፣
አሥራ ሦስት ደቂቃ ቆጥረን፣ ገና ያንቀላፋል።

«ጨው አሸነፈ!» በቀይ እስክሪፕቶ ጻፈች።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጣል፣ አለዚያ ድንጋይ ይሉታል፤
ድንጋይ መሳዩን ድንጋይ መሳይ ረታው፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጣቷን ነከረች። ጮኸች። «አጎቴ፣ ንካው!»
ነካሁት።
የቀለጠው ውኃ ከበረዶው ይብሳል፤
ብርዱ ጥፍር ሥር ይገባል፣ አጥንት ይልሳል።
እኔ የቀለጠ ሁሉ የሞቀ ይመስለኝ ነበር።

አምና በካሳው ብር ከአባቷ ጋር ተጣልተን፣
ሽማግሌ ገብቶ፣ ተላቅሰን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣
«ቀለጠ» ተባለ፤ ተመረቅን፤ ተበላ።
እንባም ጨው ነው።
ከዚያ ወዲህ ነው በዚህ ግድግዳ የሚገባው ብርድ የባሰ፤
«እንዴት አደርክ» በልኩ፣ «እግዜር ይመስገን» በመጠኑ።
በጠቡ ጊዜ ቢያንስ ግድግዳውን በጡጫ ይመታ ነበር።

ይኼን ለትርሲት አልነገርኳትም። የጠየቀችኝ ስለ በረዶ ነው።

«መጣ!» አለ ሰፈሩ ባንድ አፍ። መብራት።
ሁላችን ወደ አምፖሉ ቀና ብለን ስንመለስ
ያ ምስክር ያልነው፣ ማንም ያልነካው፣
ውኃ ሆኗል፤ ጥርት ብሎ፣ ክዳኑ ላይ ተኝቷል።
ጣቴን ሰደድኩ። ለብ አላለም፤ ግን አይናከስም።

«ስንት ደቂቃ ፈጀ?» አለች፣ እርሳሷን ቀስራ።
ሰዓቱን አየሁ። አልያዝኩትም ነበር፣
ሠላሳ ዓመት የሰው ሰዓት የጠገንኩት ሰውዬ።
ከሠንጠረዡ ግርጌ በራሷ እጅ ሞላችው፤
«ባዶው፦ ቀልጧል። መቼ እንደሆነ አልታየም።»

ሳፋዋን ይዛ ወጣች።
የተረፈው ጨው ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል፣ ከሰዓቱ አንጀት አጠገብ።
ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤
ግን ጨውና ሰዓት አብረው አያድሩም፣
ጥርሱ ይዝጋል።